«በልተሻል?» ከምትሏት አብራችኋት ብሉ

ልጃችሁ ምግብ መዝለል ከጀመረች «በልተሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ውጪ በልቻለሁ» ብላ ትገላገላችኋለች። ይልቅ በቀን አንዴ፣ እራትም ቢሆን፣ ሰዓት ቆርጣችሁ አብራችሁ ብሉ። ስልክ ይቀመጥ፤ የእናንተም ጭምር! ስለ ኪሎና ካሎሪ አይወራ። ሳህኗን በዓይናችሁ አትከተሉ፤ ሌላ ጨዋታ አምጡ።

ከቤተሰብ ጋር አዘውትረው በሚበሉ ወጣቶች ላይ የአመጋገብ መዛባት ምልክቶች አነስ ብለው ይታያሉ። ስለ ሰውነት የሚወረወር ቃል ግን፣ በቀልድም ቢሆን፣ ወደ ዳይት ይገፋል። ቀኑን መራብ ደግሞ ማታ ላይ ያለልክ ያስበላል። ወንዶቹንም አትርሱ፤ እነሱ ዘንድ ችግሩ «ጡንቻ ልሥራ» በሚል ሰበብ ይመጣል።

ራሷን ከሳተች፣ የወር አበባዋ ከቀረ ወይም በልታ እንደተነሳች ሽንት ቤት መቆየት ካበዛች ግን ይሄ ዘዴ አይበቃም። ሐኪም ጋ ውሰዷት።