«200 ኪሎ ያደርቃል» እና ሌሎች የማድረቂያ ሽርክና ስህተቶች

ኮምቦልቻ ላይ የምግብ ማድረቂያ የሚሠሩ ወጣቶችን ከባለፋብሪካዎች ጋር ሳገናኝ ዓመታት አልፈዋል። ማሽኖቹ አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ሽርክናው ግን ዓመት ሳይሞላው ይፈርሳል፤ ያውም በዚያው በለመድነው ምክንያት። ደጋግሞ መናገሩ ስለሰለቸኝ እነሆ ጻፍኩት።

«በቀን 200 ኪሎ ያደርቃል» ማለት

ይቺን አባባል ስሰማ ራሴን ያመኛል። የምን 200 ኪሎ? ሲገባ ነው ሲወጣ?

አንድ ውል ላይ «ማሽኑ በቀን 200 ኪሎ ሽንኩርት ያደርቃል» ተብሎ ተጻፈ። ማሽኑን የሠራው ልጅ ያሰበው የሚገባውን ጥሬ ሽንኩርት ነበር፤ ባለፋብሪካው ሐጂ ደግሞ የሚወጣውን ደረቅ። ተፈራረሙ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ። የመጀመሪያው ቀን ምርት ማታ ሚዛን ላይ ሲወጣ 25 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሐጂ ከረጢቱን አገላብጠው አዩና «ሌላውስ የታለ?» አሉ።

«ውሃ ነበር ሐጂ፤ ተንኖ ሄደ።»

«ውሃ ነው እንዴ የሸጥክልኝ?»

ልጁ አልዋሸም። ጥሬ ሽንኩርት ከመቶው 88 ግድም ውሃ ነው። ከ200 ኪሎው ጠጣሩ 24 ኪሎ ብቻ ነው፤ 7 በመቶ ውሃ ቢቀርበት እንኳ 26 ኪሎ ቢወጣ ነው፣ ያውም ልጣጩ ሳይቀነስ። ሐጂ የጠበቁትን 200 ኪሎ ደረቅ በየቀኑ ለማውጣት ከ15 ኩንታል በላይ ጥሬ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ቲማቲም የባሰ ነው፤ ከመቶ ኪሎ 7 ኪሎ ካገኛችሁ ተመስገን በሉ።

ማሽን በኪሎ አትሽጡ። በሰዓት ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያወጣ ጻፉ። የመብራቱም ሂሳብ የሚሰላው በዚያው ነው፦ አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን፣ ምንም ሙቀት ሳይባክን እንኳ፣ 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይፈልጋል። በተራ የሙቅ አየር ማድረቂያ የሚባክነው ሲጨመርበት ከ1 ያልፋል።

ያንን ውል ከመፈረሙ በፊት ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። እኔም አላየሁትም።

«በደንብ የደረቀ» ብሎ መፈራረም

የበርበሬ ነጋዴ ዛላውን ነቅንቆ ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ከሰማ ደርቋል ይላል። ለገበያ ይበቃል፣ ለውል አይበቃም። «የውሃ አክቲቪቲው (ሻጋታ ሊጠቀምበት የሚችለው ውሃ ልኬት፣ ከ0 እስከ 1) ከ0.6 በታች» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በታች ሻጋታ አያድግም። አውሮፓ በደረቅ በርበሬ ላይ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን አይቀበልም፣ አፍላቶክሲን ደግሞ መርዝ ነው፣ የሻጋታ ልጅ። ማን እንደሚለካና በማን መሣሪያ እንደሚለካም ይግባበት።

ለመቸኮል ሙቀት መጨመር

ላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ጀማሪ ሁሉ አንዴ ያደርገዋል፤ አብሽሩ።

የካታሎጉን ቁጥር ማመን

የፋን ካታሎግ የሚጻፈው ለባሕር ጠለል አየር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ፋኑ ያው ቢሽከረከርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ኮምቦልቻ የተመሰገነ ማሽን የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ ሲገባ የሚሰንፈው ለዚህ ነው፣ ብርዱም ሳይረሳ።

በታኅሣሥ ሞክራችሁ ለሐምሌ ቃል አትግቡ።

ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ ቋንጣ ማድረቅ

ይህን ያደረጉ ሸሪኮች አውቃለሁ። ሽንኩርት ሲወደድ ማሽኑ ለምን ይቆማል ብለው ቋንጣ ሰቀሉበት። የሽንኩርት ዱቄታቸውን የምትገዛው የባልትና ነጋዴ ለጾም ሽሮ ነበር የምትፈልገው፤ ወሬው ደረሳትና ቀረች። ሌሎቹም ደንበኞች «ሥጋው የማን ቢላ ያረፈበት ነው?» ብለው ጠየቁ። ወሎ ተዋልደን፣ ተዋደን እንኖራለን፤ ይህ ጥያቄ ግን አይቀርም። ትሪው አስር ጊዜ ቢታጠብ አልተመለሱም። ማሽኑ ምን እንደሚደርቅበትና ምን እንደማይደርቅበት ውሉ ላይ አስፍሩ።

ፓተንት ሳይጠይቁ ንድፉን ማሳየት

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ፈጠራችሁን ለ15 ዓመት ከቀጂ ይጠብቃል፤ አነስተኛ ፈጠራ ደግሞ 5 ዓመት፣ ለ5 ዓመት የሚታደስ። መጀመሪያ ማመልከቻው ይግባ። ፋብሪካው ማሽኑ ላይ የሚጨምረው ማሻሻያ የማን እንደሚሆንም አብሮ ይወሰን።

የጥሬ ዕቃውን ገንዘብ ሳይነጋገሩ መጀመር

ልጁ ፋብሪካው ይገዛል ብሎ ያስባል፤ ፋብሪካው ደግሞ ልጁ ይዞ ይመጣል ብሎ። የጎረቤታችን የሐርቡ ከተማ ሽንኩርት ገበሬ ለሁለቱም በዱቤ አይሰጥም። ማድረቅ የሚያዋጣው ሽንኩርት በረከሰባቸው ጥቂት ሳምንታት በጥሬ ገንዘብ ከተገዛ ብቻ ነው።

ሐጂና ልጁ በመጨረሻ የተለያዩት በ200 ኪሎው አይደለም፤ እሱን ታርቀውበት ውሉን በሊትር ጽፈው ነበር። ያለያያቸው ሐርቡ ላይ ከማለዳ እስከ ማታ ቆሞ የዋለ አይሱዙ ነው። ሽንኩርቱ ነበር፣ ጫኞቹም ነበሩ፣ ገንዘቡን የያዘ ሰው ግን አልነበረም።