ልብ ሰቀላን የሚያበላሹ ስህተቶች

በጀማሪ ጸሐፊዎች ረቂቅ ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስህተት ልብ ሰቀላን፣ ማለትም አንባቢው ቀጥሎ የሚሆነውን በጉጉትና በስጋት እንዲጠብቅ ማድረግን፣ ከድብብቆሽ ጋር ማምታታት ነው። ጸሐፊው የዋና ገጸ ባሕርይውን ስም ይደብቃል፣ ያለበትን ቦታ ይደብቃል፣ በፖስታው ውስጥ ያለውን ነገር ይደብቃል፤ ከዚያም አንባቢው በጉጉት ይከተለኛል ብሎ ይጠብቃል። አንባቢው ግን ግራ ይጋባል እንጂ አይጓጓም። ምን ሊጠፋ እንደሚችል ያላወቀ ሰው ምኑን ይፈራል?

አንድ ትዕይንት እናስብ። ሌሊት ነው። አንዲት አያት ሳል አፍኗቸው ይነቃሉ፤ በጨለማ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰድደው የሽሮፑን ጠርሙስ ያነሳሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይወድቃሉ። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው በረኪና መሆኑን የምንሰማው በማግሥቱ ነው። ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ግን ወዲያው ያልፋል። አሁን ቅደም ተከተሉን እንቀይረው። ቀን ላይ የልጅ ልጃቸው ሲጫወት በረኪናውን ወደ ባዶው የሽሮፕ ጠርሙስ ሲገለብጥ አይተናል። አያት ጉንፋን ይዟቸው ሽታ እንደማይለዩም ሰምተናል። እንግዲህ ሌሊት የመጀመሪያው ሳል ሲሰማ የአንባቢው ሆድ ይባባል፤ «አይንኩት!» ሊል ይቃጣዋል። ለውጡን ያመጣው ከአያት ቀድሞ ማወቁ ነው። ፊልም ሠሪው አልፍሬድ ሂችኮክም እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ይህንኑ በቁጥር አስረድቷል፦ ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል።

ሁለተኛው ስህተት በማዘግየት ላይ ይታያል። ልብ ሰቀላ ማቆየትን ይፈልጋል፤ ጥያቄው በምን ይቆያል የሚለው ነው። አያት እጃቸውን ሲዘረጉ ስለ ጨረቃዋ ውበት አንድ አንቀጽ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያናድዳል፤ አንቀጹም ሳይነበብ ይታለፋል። መዘግየቱ ከድርጊቱ ከራሱ መውጣት አለበት። እጃቸው መጀመሪያ መነጽራቸውን ይነካል። ቀጥሎ የውኃ ብርጭቆውን። ሳሉ ጋብ ይልላቸውና እጃቸውን ይመልሳሉ፤ እፎይ ስንል እንደገና ይነሳባቸዋል። ጠርሙሱ ይገኛል። ክዳኑ ጠብቆ እምቢ ይላል። ዓረፍተ ነገሮቹም እንዲህ እያጠሩ ቢሄዱ እመርጣለሁ።

ለማናውቀው ሰው እንድንሰጋ መጠየቅም አይሆንም። ታሪኩ ከመጀመሪያው ገጽ በሩጫና በተኩስ ሲጀምር፣ ማን ለምን እንደሚሮጥ ስለማናውቅ የሚቀረን ጫጫታው ብቻ ነው። አያት የልጁን ጫማ ሲያስሩለት አንዴ ብናያቸው ይበቃል።

በሐሰት ማስፈራሪያ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። በሩን ያንኳኳው ነፋስ ሆኖ ሲገኝ፣ ግድያው ሕልም ሆኖ ሲያበቃ አንባቢ አንድ ጊዜ ይቅር ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን አደጋው እውነተኛ ቢሆንም አያምንም። ምዕራፉን ሁሉ በጩኸት መዝጋትም ከዚህ አይለይም፤ ጩኸቱ ይለመዳል። በመሐል ሰዎች ተቀምጠው እራት የሚበሉበት፣ የሚሳሳቁበት ጸጥ ያለ ምዕራፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ደግሞ አንባቢን ያንን ሁሉ አስጨንቆ መፍትሔውን ከሰማይ ማውረድ ነው። አያት ጠርሙሱን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ጎረቤት በድንገት ቢገባ፣ አንባቢ እንደተታለለ ይሰማዋል። ልጁ ነቅቶ ቢያድናቸው ግን ይቀበለዋል፤ አያቱ ባሳሉ ቁጥር ከእንቅልፉ የሚባንን ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ። በሥነ ጽሑፍ ንግር የምንለው ይኸው ኋላ ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ ፍንጭ መስጠት ነው። ረቂቁን ከጨረሳችሁ በኋላ ንግሩ መጉደሉን ብታስተውሉ ታሪኩን አታፍርሱት። ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ሦስተኛው ገጽ ተመለሱና በሌላ ጨዋታ መሐል፣ ልጁ ሳላቸውን ሰምቶ በእንቅልፍ ልቡ ውኃ ሲያመጣላቸው የሚያሳይ አንድ መስመር አስገቡ።