የክረምቱን ጎርፍ የሚጠጣ የመንገድ ዳር አትክልት ቦታ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌ ሲገባ የሰፈራችን ኮብልስቶን ወንዝ ይሆናል። ውሃው አፈሩን ጠርጎ በረሳ ወንዝ ይገባል፤ ጥር ላይ ግን አጥራችን ሥር ያለው ሣር በጥም ይደርቃል። በአጥሩና በመንገዱ መካከል ያለችውን ቁራጭ መሬት ጎድጎድ አድርጎ በመሥራት ያንን ውሃ ማስቀረት ይቻላል።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፤ የውሃ ቧንቧና የቴሌ ገመድ በየት እንዳለፈ ሳታውቁ ዶማ አታንሱ። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ያበጠ አፈር ደግሞ መሠረት አንስቶ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ስፋቱን ለመገመት፦ 100 ካሬ ሜትር መንገድ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ አምስት በርሜል ማለት ነው። 5 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይህን ይይዛል። ጠርዙ ተዳፋት ስለሚሆን ትንሽ ጨምሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ አፈሩ ውሃ ያሰርጋል ወይ? እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት፤ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሥራውን ጨረስኩ። ሐምሌ ላይ ግን ውሃው ስድስት ቀን ተኛ። ውሃው ሸተተ፤ ችግኞቹን ስነቅላቸው ሥራቸው ጠቁሮ በጣቴ መካከል ሟሟ።

ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እኔ ያፈሰስኩት ውሃ የወረደው በስንጥቁ ነው እንጂ አፈሩ ጠጥቶት አይደለም። ዝናቡ ሲደጋግም አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል። ስለዚህ ጉድጓዱን ሦስት ቀን ሙሉ እየሞላችሁ አርሱት፤ ከዚያ አንዴ ሞልታችሁ በእንጨት ምልክት አድርጉ። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ አፈሩን ብቻ ተማምናችሁ አትሥሩ።

መፍትሔው እስከ 70 ሳንቲ ሜትር መቆፈር ነው። ከታች የተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ዘንበል አድርጋችሁ አጋድሙ፤ ቦዩ ከቱቦው ዝቅ ማለቱን አስቀድማችሁ ለኩ። በቱቦው ላይ ጠጠር፣ ከዚያ ቀላል አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ቀላቅላችሁ ሙሉ፤ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትሩን ለውሃው ክፍት ተዉት። መረሬ ላይ ጥቂት አሸዋ በትኖ ማለፍን አልመክርም፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

የከፍታውን ልክ በዓይን አትመኑ። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የሚሞላ ነጭ ላስቲክ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ማዘጋጃ ቤቱ ከፈቀደ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ድንጋይ አንስታችሁ ውሃውን አስገቡ፤ መግቢያው ላይ ጡጫ የሚያህሉ ድንጋዮች ደርድሩ። በታችኛው ጫፍ ከእግረኛ መንገዱ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ መውጫ ተዉ፤ አለዚያ ትርፉ ውሃ የጎረቤት ግቢ ይገባል።

ተከላው ሰኔ መጨረሻ ነው። ከታች ቄጠማ፣ በተዳፋቱ ሰርዶ፣ ከላይ ጓሳ። ጓሳ የመንዝን ብርድ የለመደ ሣር ነው፤ የኅዳር ውርጭ አይገድለውም። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አትትከሉ።

ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መግቢያው ላይ የተከማቸውን ደለል በአካፋ አውጡ። እኛ የመኪና ዘይት ያልነካውን እየለየን ለአጥር ዳር ዛፎች እንሰጠዋለን።