አልጌ የወረረውን አኳሪየም እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ተክል ያለበት አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ውስጥ ትንሽ አልጌ ሁልጊዜም አለ። ጤነኛ ገንዳ ውስጥም አለ። የሚያስቸግረው ቅጠሉን ሲያለብስ፣ መስታወቱን ሲጋርድ ወይም ውሃውን አረንጓዴ ሲያደርገው ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ወይ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፣ ወይ ገንዳውን ገልብጦ በሳሙና ያጥባል። እባካችሁ ሁለቱንም አታድርጉ። ሳሙና ዓሣ ይገድላል፤ ገንዳውን ሙልጭ አድርጎ ማጠብ ደግሞ ውሃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አልጌው ብሶበት ይመለሳል።

አልጌ የሚበረታው ብርሃኑ ለተክሎቹ ከሚበቃው በላይ ሲሆን ወይም ተክሎቹ ሲደክሙ ነው። ተክሎቹ ሲጠነክሩ ቦታ ያጣል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ ለዩት

መፍትሔው እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ እጃችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ማሞቂያውንና ፊልተሩን ከሶኬት ንቀሉ።

በጣት ሲነካ እንደ አቧራ ብን የሚል ቡናማ ሽፋን ዳያተም ነው። አዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል። ጠረግ ጠረግ እያደረጋችሁ ታገሱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል።

መስታወት ላይ ድርቅ ብሎ የተጣበቀ አረንጓዴ ነጠብጣብ በምላጭ ይፋቃል። ገንዳችሁ አክሪሊክ ከሆነ ግን ምላጭ አታስጠጉበት፤ ይጫጫራል።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ዓሦቹ ካልታዩ፣ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ አልጌዎች ናቸው። በተክሎቹ መሀል የተጠላለፈ ክር ካያችሁ ደግሞ የፀጉር አልጌ ነው።

ቅጠል ጠርዝ፣ እንጨት ወይም የፊልተር ቱቦ ላይ የሚበቅል፣ ቢጎትቱት የማይለቅ ጥቁር ወይም ግራጫ ጺም መሳይ ነገር አለ። ጥቁር ጺም አልጌ ይባላል፤ ከሁሉም ግትሩ እሱ ነው። ቢጠቁርም ወገኑ ከቀይ አልጌዎች ነው። ሲሞት ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ የሚለወጠውም ለዚህ ነው።

የመጨረሻው እንደ ስስ ጨርቅ ተገፎ የሚነሳ፣ የሚያሟልጭ፣ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ሽፋን ነው። ሲነካ ይሸታል። ይሄ በእርግጥ አልጌ አይደለም፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የቢሾፍቱን አረንጓዴ ሐይቅ መልኩን የሰጠው ስፒሩሊናም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

2. መብራቱን ቀንሱ

አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይሄን አድርጉ። መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት አውርዱት። ጠዋት ከቤት ስትወጡ አብርታችሁ ማታ ልትተኙ ስትሉ የምታጠፉት ከሆነ፣ ገንዳው በቀን 14 ወይም 15 ሰዓት ብርሃን እያገኘ ነው። ያን ያህል የሚፈልግ ተክል የለም።

መብራቱ የሚበራበት ሰዓት በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ለዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ግዙ። እኛ አገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ጥርስ ጥርስ ያለውና የሚሽከረከረው ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠፋ ከቀን የጀመረው ፕሮግራም ሌሊት ላይ ይደርሳል፤ እናንተ ተኝታችሁ ገንዳው ይበራል። በውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ሰዓቱን አይስትም። የዋጋ ልዩነቱ ቢኖርም እሱን እመርጣለሁ።

ገንዳው መስኮት አጠገብ ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታው አንሱት። ማንሳት ካልተቻለ መጋረጃ ጋርዱ፣ ወይም የጀርባውን መስታወት በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። ጠዋት ለአንድ ሁለት ሰዓት የምትገባ ፀሐይ ከአምፖሉ የበለጠ አልጌ ልታበቅል ትችላለች።

ለተክሎቹ ብላችሁ ካርቦንዳይኦክሳይድ ጋዝ ወደ ውሃው የማትጨምሩ ከሆነ ኃይለኛ የኤልኢዲ መብራት አያስፈልጋችሁም። ማደብዘዣ ካለው ወደ ግማሽ አውርዱት፤ ከሌለው ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ካርቦንዳይኦክሳይድ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ከቀን ቀን እንዳይዋዥቅ ተጠንቀቁ። ጥቁር ጺም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእሱ መዋዠቅ ነው።

3. በእጅ አውጡ፣ ከዚያ ውሃ ቀይሩ

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። የፀጉር አልጌን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንደ ፓስታ ጠቅልላችሁ ሳቡት። በአልጌ የተሸፈኑ አሮጌ ቅጠሎችን ከሥራቸው ቁረጡ፤ አያገግሙም። ሳያኖባክቴሪያውን በቀጭን ቱቦ እየሳባችሁ ወደ ባልዲ አስወጡት።

ቆሻሻው ከተነሳ በኋላ ከግማሽ በታች የሆነውን ውሃ ቀይሩ። ለመጀመሪያው ወር በሳምንት አንዴ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን ይደር። ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) ካለው ግን ማሳደር አያወጣውም፤ የዓሣ መሸጫ ሱቆች የሚይዙት ማስወገጃ ጠብታ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ሲነጋ ያደረ ውሃ ይቀዘቅዛልና ከመጨመራችሁ በፊት በትንሽ ሙቅ ውሃ አለዝቡት።

4. ምግቡንና ፊልተሩን እዩ

ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ፣ በቀን አንዴ። የተረፈው ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ አሞኒያ ይሆናል። አልጌም ይወደዋል።

የፊልተሩን ስፖንጅ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ብቻ እጠቡ። የቧንቧው ክሎሪን ውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ፣ ሲመጣ ፊልተሩን ወዲያው አታብሩት። ዝግ የሆነ ፊልተር ውስጥ ኦክስጅን አልቆ ውሃው ይበላሻል። ክፈቱት፣ ያንን ውሃ ድፉት፣ ስፖንጁን አለቅልቁት፣ ከዚያ አብሩ።

5. ተክል ጨምሩ፣ ማዳበሪያውን አታቋርጡ

ሦስት አራት ዘለላ ብቻ ያለበት ገንዳ ለአልጌ ባዶ ቤት ነው። ቶሎ የሚያድጉትን ምረጡ፤ ሆርንዎርት፣ ሃይግሮፊላ፣ ቫሊስኔሪያ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ያምራሉ፣ ግን አዝጋሚ ስለሆኑ ብቻቸውን ይህን ሥራ አይችሉትም። ተንሳፋፊ ተክልም ብርሃን ይጋርዳል፣ ንጥረ ነገር ይስባል። እንቦጭን ግን ለዚህ አታምጡ። ጣናን ምን እንዳደረገው እናውቃለን። ከገንዳችሁ የቆረጣችሁትንም ተክል ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አትጣሉ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁትና ጣሉት።

አልጌ ሲያዩ ማዳበሪያ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። አልስማማም። ተክሉ ሲራብ ቅጠሉ ይዝላል፣ አልጌውም የሚጣበቀው ያ ቅጠል ላይ ነው። ናይትሬት በጣም ሲወርድ ሳያኖባክቴሪያ ይመጣል፤ ፎስፌት ሲያንስ አረንጓዴው ነጠብጣብ ይበዛል። መብራቱን እየቀነሳችሁ ማዳበሪያውን በመጠኑ ቀጥሉ።

6. ግትሮቹን ለማስወገድ

*ለአረንጓዴ ውሃና ለሳያኖባክቴሪያ፦* ጨለማ። ውሃ ቀይሩ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ለሦስት ቀን አትክፈቱት፣ ዓሦቹንም አታብሏቸው፤ ጤነኛ ዓሣ ይችለዋል። የአየር ፓምፑ ግን ይሥራ። የሚሞተው አልጌ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሦቹም ሊታፈኑ ይችላሉ። ስትገልጡት ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ለሳያኖባክቴሪያ አንቲባዮቲክ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። የፊልተሩን ጠቃሚ ባክቴሪያም ሊጎዳ ይችላል።

*ለጥቁር ጺም፦* ከፋርማሲ የሚገኝ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ 6 በመቶም አለ። ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ሚሊ ሊትር አትለፉ፤ 60 ሊትር ገንዳ ከሆነ በድምሩ 15 ሚሊ ሊትር ነው። ፊልተሩን አጥፉ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳቡና አልጌው ላይ ተጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ትንንሽ አረፋዎች ከጺሙ ላይ ሲወጡ ታያላችሁ። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ፊልተሩን አብሩ። በቀናት ውስጥ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል። ሞስ የሚባለው ተክል፣ ቫሊስኔሪያና ሽሪምፕ ካላችሁ ከእነሱ አርቁት።

አኑቢያሱ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ከገንዳው አውጡት። 1 እጅ ሽታ የሌለው ተራ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጡና ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ንከሩት። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁና የክሎሪን ማስወገጃ ባለበት ውሃ ውስጥ አሳርፉት። ጓንት አድርጉ። ስስ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች እንዲህ አታድርጉ፤ ይሞታሉ።

7. አልጌ በላተኞችን በመጨረሻ አስገቡ

ጃፓናዊው የአኳሪየም ንድፍ ባለሙያ ታካሺ አማኖ ያስተዋወቀው ሽሪምፕ በስሙ አማኖ ሽሪምፕ ይባላል፤ ለፀጉር አልጌ ጎበዝ ነው። ኔራይት ቀንድ አውጣ መስታወት ያጸዳል፣ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥም አይራባም። ፕሌኮ የሚባለውን ዓሣ ስትገዙ ግን አስቡበት፤ ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው ተራ ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ታድጋለች። መዳብ ያለበት የአልጌ መድኃኒት ካስገባችሁ ሽሪምፕም ቀንድ አውጣም አይተርፍም።

ለውጡን በአሮጌው ቅጠል አትለኩት። አዲስ የወጣውን እዩ፤ ንጹሕ ሆኖ ካደገ መንገዳችሁ ትክክል ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ ወር ከቆየ መብራቱን በሳምንት ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ እስከ 8 ሰዓት ማድረስ ትችላላችሁ። አልጌው ብቅ ካለ ወደ ቀድሞው ሰዓት መልሱት።