ስቶር ውስጥ የቆየ የባሕር አኳሪየምን እንደገና ስለማስጀመር

በሥራ ዝውውር ወይም በቤት ለውጥ ምክንያት የባሕር ውኃ አኳሪየሙን (ዓሣ የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ) አድርቆ፣ ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ለዓመታት ያስቀመጠ ሰው እንደገና ለመጀመር ሲነሣ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ያ «ሕያው ድንጋይ» ይባል የነበረው ዕቃ ዛሬ ሕያው አይደለም። ሕያው ያሰኙት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ባክቴሪያዎች፣ ስፖንጆችና ትሎች፣ እንዲሁም ላዩን እንደ ቀለም ቅብ የሚሸፍኑት ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው አልጌዎች ነበሩ። ውኃው ሲለያቸው ሞተዋል፤ ቅሪታቸው ግን እዚያው ደርቆ ተቀምጧል። ድንጋዩ ውኃ ሲያገኝ ቅሪቱ መበስበስ ይጀምራል፣ ከመበስበሱም ዓሣ የሚገድለው አሞኒያ ይወጣል። እኔ እዚህ ጎንደር ሦስት ዓመት የተቀመጠ ድንጋይ በውኃ ብቻ አለቅልቄ መስታወቱ ውስጥ በደረደርኩ በአራተኛው ቀን ውኃው እንደ አጓት ደፈረሰ፣ ሳሎኑም የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። ሁሉንም አውጥቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ቀጥሎ የማቀርበው ያን ጊዜ የተከተልኩትን አካሄድ ነው።

መስታወቱን ከቤት ውጭ፣ በውኃ ልክ በተስተካከለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጠው በቧንቧ ውኃ ይሙሉትና ቢያንስ ሦስት ቀን ይጠብቁ። የማዕዘኖቹ ሲሊኮን ደርቆ ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ሳያፈስ በሁለተኛው ቀን ሊያፈስ ይችላል። 200 ሊትር የባሕር ውኃ ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ጠረጴዛውንም አብረው ይፈትሹ። የፓምፑን ተሽከርካሪ ክፍል አውጥተው አቼቶ ውስጥ ቢዘፈዝፉት የተጋገረው ኖራ ይለቃል። የማሞቂያው መስታወት ከተሰነጠቀ ይጣል። በውኃው ውስጥ ያለውን አሞኒያና የመሳሰለውን የሚለኩት የመመርመሪያ ፈሳሾች ጊዜያቸው ካለፈ የሚሰጡት ውጤት ስለማይታመን አዲስ መግዛት ግድ ነው፤ ቀጣዩ ሥራ ሁሉ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ድንጋዩን ደረቁን አይፈግፍጉ፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ፈጽሞም አይቀቅሉት፤ በአንዳንድ ድንጋዮች ላይ የሚበቅሉ እንስሳት ከባድ መርዝ ስላላቸው እንፋሎቱ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ድንጋዩን አርጥበው፣ በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ቀዳዳ ለቀዳዳ ይሂዱ። የደረቀው ስፖንጅ እንደ ድርቆሽ እየተፈረፈረ ይወጣል፤ ከሥሩም ነጣ ያለው የድንጋዩ አካል ይታያል። ከዚያም ሽቶ ያልተጨመረበትን በረኪና አንድ እጅ ከአሥር እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ ነፋስ በሚገባበት ግቢ ውስጥ በፕላስቲክ በርሜል ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይዘፍዝፉት። እዚህ በርሜል ውስጥ አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ ጠብ ማለት የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ደጋግመው ካለቀለቁት በኋላ የበረኪና ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ያስጡት። ይህን ሥራ በበጋ ማከናወን ይሻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎንደር ላይ ድንጋይ ማድረቅ ከባድ ነው። ገንዳው ቀደም ሲል የመዳብ መድኃኒት የገባበት ከሆነ ግን ድንጋዩ መዳቡን ይዞ ስለሚቆይና እንደ ሽሪምፕ ያሉትን እንስሳት ስለሚገድል፣ ምንም ያህል ቢያሳዝን እንዲተዉት እመክራለሁ።

ስለ ውኃው ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ከሁሉ የሚመረጠው በማጣሪያ ማሽን ማዕድኑ የወጣለት ውኃ ነው። ማሽኑ ከሌለ የቧንቧውን ውኃ በበርሜል ቀድተው አየር እየነፉበት ለሁለት ቀን ቢያቆዩት ክሎሪኑ ይወጣል፤ ማዕድኑ ግን እንዳለ ይቀራል። የክረምት ዝናብ መልካም አማራጭ ቢሆንም ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን አይጠቀሙ፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ለባሕር እንስሳት መርዝ ነው። ንጹሕ ፕላስቲክ ወጥረው በቀጥታ ከሰማይ ይቀበሉት። ጨውን በተመለከተ፣ የአፋር ጨው ለወጥ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ የባሕር ውኃ የሚይዘውን ካልሲየምና ማግኒዚየም በሚፈለገው መጠን አይሰጥም። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው ምንጊዜም ውኃው ላይ ጨውን እየጨመሩ ያሟሙ፤ ጨው ላይ ውኃ ቢያፈሱ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይባክናል። አንጻራዊ እፍጋቱ (ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 ገደማ ሲደርስ ይበቃል።

አሁን ድንጋዩ በጨው ውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ፣ ከፓምፕና ከማሞቂያ ጋር፣ አልጌ እንዳይበቅል ተሸፍኖ በጨለማ ይቀመጣል። በረኪናው ያልደረሰበት ውስጠኛ ቅሪት የሚወጣው እዚህ ነው። በዚህ ደረጃ የጎንደር ከፍታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያነሰ ነው፤ ጨውና ሙቀት ደግሞ የቀረውን ይቀንሱታል። የሚበሰብስ ነገር ኦክስጅን ይበላልና፣ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙረው የውኃው ገጽ ያለማቋረጥ እንዲናወጥ ያድርጉ፣ ሙቀቱንም ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይያዙ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ የሚንቀሳቀስ የአየር መንፊያ ከገንዳው አምፖልና ከማጣሪያ አስቀድሞ መገዛት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሞኒያን በየሦስት ቀኑ ይለኩ፤ በየሳምንቱም ግማሹን ውኃ ይቀይሩ። ይህ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እርስዎ ስለቸኮሉ አያጥርም። አልጌን የሚመግበውን ፎስፌትንም መለካት ይበጃል፤ ድንጋዩ ለዓመታት የመጠጠውን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ ከ0.1 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ሆኖ ከቀጠለ ገንዳው በአልጌ ይወረራል።

አሞኒያው ዜሮ ሲሆን ድንጋዩ ነጽቷል፤ ነገር ግን ገና ባዶ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች መስፈር አለባቸው። የባሕር አኳሪየም ካለው ወዳጅ ቡጢ የሚያህል ሕያው ድንጋይ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማምጣት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ካልተገኘ በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ያገለግላል። ለምግባቸው የአሞኒያው ልኬት 2 ሚሊ ግራም በሊትር እስኪደርስ አሞኒየም ክሎራይድ ይጨምሩ። እኔ እርሱን ባጣሁ ጊዜ ከጣና የመጣ የቆሮሶ ዓሣ ጥሬ ሥጋ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ በጨርቅ ቋጥሬ አንጠልጥያለሁ፤ መጠኑን ለመቆጣጠር ቢያስቸግርም ሠርቷል። የጨመሩት 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከነናይትራይቱ ዜሮ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሰፍረዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ሳያደርቁ ወደ መስታወቱ ያዛውሩ፤ ከሥሩ ውኃ እንዲያልፍ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ ይደርደር። በበጋው ደረቅ አየር ውኃው ፈጥኖ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው ውኃ ብቻ ይተኩ። ግማሹን ውኃ ቀይረው ናይትሬቱ ዝቅ ሲል አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ዓሦች ያስገቡ፤ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይመግቧቸው፣ አሞኒያውንም ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይለኩ። በእነዚህ ቀናት አሞኒያ አንዴም ከታየ ሦስተኛውን ዓሣ አያስገቡ።