የኮም ኦምቦ የማታ ማረፊያ፦ ጊዜው የት ነው የሚያልቀው?

በሉክሶርና በአስዋን መካከል በናይል መርከብ የሚጓዝ ሰው አመሻሽ ላይ ኮም ኦምቦ ይወርዳል። ቤተ መቅደሱ ከማቆሚያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማረፊያው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። ውሃ ያዙ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ እንግባ።

ችግር፦ ዓምዶቹን ብቻ አይተን ተመለስን

በየማታው የሚደጋገመው ይሄ ነው። ከአስዋን ከሰዓት በኋላ የተነሱት መርከቦች 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል መጥተው፣ በሉክሶር በኩል ያለውን የኤድፉን ቤተ መቅደስ ጠዋት ያስጎበኙት ደግሞ ሽቅብ ወጥተው፣ በተመሳሳይ ሰዓት እዚሁ ይገጣጠማሉ። ሁሉም ቡድን የፊተኛው አደባባይ ላይ ይቆምና ገለጻው ይጀመራል፦ ቤተ መቅደሱ ለሁለት አማልክት እንደተሠራ፣ በስተቀኝ ያለው ለአዞው ሶቤክ፣ በስተግራ ያለው ለጭልፊቱ ሃሮኤሪስ እንደሆነ፣ ግንባታው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በፕቶሎሚ 6ኛ ዘመን እንደተጀመረ። ይህን ሁሉ መርከቡ ላይ ሻይ እየጠጡ መስማት ይቻል ነበር። ገለጻው ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። ከዚያ ሰው በጠባቡ በር ተሰልፎ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ "ሃያ ደቂቃ ቀርቷችኋል" ይባላል። የኋላው ግድግዳ፣ የውሃ መለኪያውና ሙዚየሙ ሳይታዩ ይቀራሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ አስጎብኚው ታሪኩን ከመውረዳችሁ በፊት እንዲነግራችሁ በምሳ ሰዓት ጠይቁት። ሥራውን የሚወድ አስጎብኚ ደስ ይለዋል። እምቢ ካለ የመገናኛውን ቦታና ሰዓት አረጋግጡና ቡድኑን ትታችሁ ቀጥሉ። ሁለተኛ፣ ከኋላ ወደ ፊት ጎብኙ፦

ከበሩ እንደገባችሁ በስተግራ ወዳለው ጥልቅ ክብ ጉድጓድ ሂዱ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። የናይልን ከፍታ ይለኩበት የነበረው ነው፤ ግብሩም በሙላቱ መጠን ይተመን ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በየክረምቱ እዚህ ይደርስ የነበረው ሙላት በአብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ውሃ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ይህን ጉድጓድ ሳያይ ከኮም ኦምቦ ባይመለስ ደስ ይለናል። ቀጥላችሁ በውጨኛው መተላለፊያ ዞራችሁ ወደ ኋላው ግድግዳ ድረሱ። የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች የሚባሉት ቅርጾች በግድግዳው ግራ ጫፍ አካባቢ ናቸው፤ አጠገባቸው በመውለጃ ወንበር የተቀመጡ ሴቶች አሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡት። ከዚያ ወደ ሁለቱ ቅድስተ ቅዱሳን ግቡ፤ በመካከላቸው ያለውን ጠባብ የካህናት መደበቂያም እዩ። ዓምዶቹን መጨረሻ ላይ ተዉአቸው፤ ያኔ ቡድኖቹ ስለሚሄዱ ፎቶው ያለ ሰው ጀርባ ይነሳል። ለአዞ ሙዚየሙ ሃያ ደቂቃ አስቀሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን በመውጫው በኩል ነው፤ በጥንት ዘመን ሬሳቸው እንዳይበሰብስ ተደርጎ የደረቁትን አዞዎች (ሙሚዎች) በመስታወት ውስጥ ታያላችሁ።

የዓመቱን በዓላት የሚዘረዝረው የግድግዳ ላይ አቆጣጠርም አያምልጣችሁ፤ የት እንዳለ አስጎብኚውን ጠይቁ። ባለ 30 ቀን ወሮችና ጭማሪ አምስት ቀን ያሉት የጥንት ግብፅ አቆጣጠር፣ ከእኛው ጳጉሜን ጋር ዝምድና አለው።

ችግር፦ ቅርጹ አይታይም

በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጨለማውም ፈጣን ነው። ፊት ለፊቱ በመብራት ያማረ ነው፤ የኋላው መተላለፊያ ግን ይደበዝዛል። የስልክ ባትሪ ፊት ለፊት ካበራችሁ ድንጋዩ ይነጣል፤ ከግድግዳው ጥግ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ፣ የቅርጹ ጥላ ይወጣል። ጠባቂ ከከለከለ አጥፉ። የካሜራ ፍላሽ አይፈቀድም።

ችግር፦ መርከባችን የቆመበት ቦታ የለም

መርከቦች ጎን ለጎን ተጠግተው ስለሚታሰሩ፣ ወደ የብስ የሚወጣው በሌሎች መርከቦች ሎቢ አልፎ ነው። ከዳር ያለው ሲነሳ ሌሎቹ ተለያይተው እንደገና ይደረደራሉ። የሌላ መርከብ ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ የክፍሉን ቁልፍ የሚጠይቅ መንገደኛ አይጠፋም። ስትወጡ የመርከባችሁን ስም ፎቶ አንሱ፣ ስንት መርከብ እንዳቋረጣችሁ ቁጠሩ፣ የሚሰጣችሁን የመውረጃ ካርድ ኪሳችሁ ክተቱ። ከመርከብ ወደ መርከብ ስትሻገሩ ክፍተቱን ተጠንቀቁ። ልጅ ከያዛችሁ እጁን አትልቀቁ! መርከቡ ይጠብቀኛል ብሎ የሚዘገይ ሰው የሌሎችን ጉዞ ያበላሻል።

ችግር፦ የመመለሻ ሰዓት ተሳሳተ

7:30 ሲባል ለእኛ ከምሽቱ 1:30 ነው። በተጨማሪ ግብፅ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጋቸው ሰዓቷን ወደፊት ታደርጋለች፤ ያኔ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፣ በክረምታቸው ግን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ከዱባይ የመጣ ሰው ደግሞ ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓታችሁን ከሪሴፕሽኑ ሰዓት ጋር አስተካክሉ፤ በስልክ አትተማመኑ፣ ኔትወርክ ከሌለው አይቀየርም።

ችግር፦ ሻጮች ጊዜውን በሉት

ጀለቢያ ትከሻችሁ ላይ ጣል ያደርጉና ዋጋ ይጠራሉ። ስትሄዱ እጃችሁን ለዕቃ አትዘርጉ። ጀለቢያ ለሚለበስበት የመርከቡ የማታ ድግስ ከፈለጋችሁ ስትመለሱ ግዙ፣ ከመደራደራችሁ በፊትም የምትከፍሉትን ጣሪያ ወስኑ።

አልፎ አልፎ መርከቡ በኤስና የግድብ በር (መርከቦች ተራ በተራ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርገው የሚያልፉበት) ወረፋ ዘግይቶ ቤተ መቅደሱ ሊዘጋ ሲል ይደርሳል፤ ያኔ ሙዚየሙን ትታችሁ ጉድጓዱንና የኋላውን ግድግዳ ብቻ እዩ።