ከጾም በኋላ ወደ ሥጋ ስንመለስ ሆድን የሚያውኩ ስህተቶች

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም በተፈታ ሳምንት ለአመጋገብ ምክር የሚመጡ ሰዎች ከሚያነሡት አቤቱታ ሁሉ የሚበዛው «ሥጋ አልስማማኝ አለ» የሚለው ነው። አብዛኞቹም ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ወይ ሥጋን ጨርሰው ትተዋል፣ ወይ የጨጓራ ኪኒን ገዝተው መዋጥ ጀምረዋል። ትልቁ ስህተት ይኸው ሳይለዩ መፍረድ ነው፤ ሆድን የሚያውከው ብዙ ጊዜ ሥጋው ሳይሆን አብሮት የገባው ቅቤና ሽንኩርት፣ የተበላበት ሰዓት ወይም የወጡ አቀማመጥ ነውና።

ከቅዳሴ መልስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ከነቅቤው በልቶ ወዲያው መተኛት ቃር ላለበት ሰው ከሁሉ የከፋው ነው። ስብ የጨጓራን ባዶ መሆን ያዘገያል፤ ሰውየው ሲጋደም ደግሞ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። በብዙ ቤት ተልባ የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በኋላ ጥቂት አልጫ፣ ጮማ ያልበዛበት ቀይ ሥጋና በግማሽ የተቀነሰ ቅቤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል።

ሆዳቸው የሚነፋባቸው ሰዎች ሽንኩርቱን ፈጽሞ አይጠረጥሩም። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ ሽንኩርት ይቁላላል፤ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በድፎ ዳቦው ስንዴ ውስጥ ያለው ፍሩክታን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ በትንሹ አንጀት ስለማይፈጭ ትልቁ አንጀት ደርሶ ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል። ለጥቂት ቀናት ያለ ሽንኩርት የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ሥጋ ብቻ በልቶ መነፋቱ ከጠፋ፣ ሥጋው ነጻ ነው።

ሳልታክት ብደግመውም ሰሚ ያጣሁበት ስህተት የድስቱ ነው። በበዓሉ ዋዜማ የተሠራው ወጥ ምድጃው ላይ እንደተቀመጠ ያድራል፣ ይውላል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ለብ ተደርጎ ተመልሶ ይከደናል፤ በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡን በሙሉ ሲቆርጠውና ሲያስቀምጠው «ቅቤው በዝቶ ነው» ይባላል። ቅቤው አይደለም! ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲፈላ አይሞትም፤ ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ፣ አየር በማይደርስበት በወጡ መካከል ነቅቶ በፍጥነት ይራባል። ሰው ከበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ትኩሳትም ሆነ ትውከት እምብዛም የለውም፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ቀን ይለቃል። ስለዚህ ሰዓቱን ይቁጠሩ፤ በልተው ሳይነሡ የሚያቃጥልዎ ሕመምና በማግስቱ የሚመጣ ቁርጠት ምንጫቸው ይለያያል። ወጡ በተሠራ በ2 ሰዓት ውስጥ ጥልቀት በሌላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ ለአንድ ማዕድ የሚበቃው ብቻ እየወጣ እስኪንተከተክ ይፍላ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለዕለቱ የሚበቃውን ሠርቶ የቀረውን የቅርጫ ሥጋ ቋንጣ ቢያደርገው ይሻላል። «ስንኖር እንዲሁ ነው የምናደርገው» የሚሉኝ እናቶች ደክመው የሠሩትን ወጥ ማጣጣል አልፈልግም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከበዓል ማግስት ልጆቻቸው ለምን እንደሚታመሙ እንዲያስቡበት እለምናቸዋለሁ።

ሥጋ አሰር (ፋይበር) የሚባል የለውም፤ ጎመንና ውኃ የሌለበት የሥጋ ሳምንት የሆድ ድርቀት ቢያመጣ ሊደንቅ አይገባም።

ጥሬ ሥጋን በሚጥሚጣ፣ በአዋዜ ወይም በአረቄ «ማብሰል» አይቻልም። የኮሶ ትል እጭ በእነዚህ አይሞትም፤ ለብለብ ክትፎም ለዚህ የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ትሉ የሚያድገው በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ስለሆነ በፋሲካ ከተበላው ሥጋ የመጣው ትል ክረምት ሲገባ ቁርጥራጩ በሰገራ ይታያል፤ ያን ጊዜም ማንም ፋሲካን አያስታውስም። ትሉን ለማስወጣት የሚጠጣው የኮሶ መድኃኒት መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው፤ ተመርምሮ በሐኪም የታዘዘ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት መውሰድ ይበጃል።

ለሆድ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች መዋጥ የጨጓራን ቁስል እስከ ማድማት ይደርሳል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ቅባት ከተበላ በኋላ ከቀኝ የጎን አጥንት ሥር የሚጀምር ሕመም ትኩሳት ከጨመረበት ቅቤ በመቀነስ ጊዜ አይጥፋ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።